በዝግ ደጅ የፈዘዘ ዓይን

ማፑሌንግ ባሏ ዝም ማለት የጀመረው አገር ከመዘጋቱ በፊት ይሁን በኋላ፣ ነገሩ ሁሉ ካለፈ በኋላ እንኳ መለየት አልቻለችም።

ሞጻማይ ወሬኛ ነበር። በሌሶቶ ከምትገኘው ሃ ሌሱፒ መንደር እስከ ዋና ከተማው ማሴሩ ገበያ ታክሲውን ሲነዳ፣ አፉ ከመሪው እኩል ይዞራል ይሉት ነበር። ሴቶቹን በባሎቻቸው፣ ወንዶቹን በላሞቻቸው ይነካካቸዋል። ለቀብር የሚሄድ ሰው ከገባ ደግሞ ሬዲዮውን ዘግቶ፣ ጎርባጣውን መንገድ በቀስታ እያለፈ፣ በሐዘኑ ልክ ይነዳለታል። የመንደሩ ሴቶች ወደ ሐኪም ቤት ሲሄዱ ሌላውን ታክሲ እያሳለፉ የሱን ይጠብቁ የነበረው ለዚህ ነው።

ብርዱ ሊገባ አካባቢ፣ በቆሎው ገና ከማሳ ሳይሰበሰብ፣ ከወረርሽኙ በፊት ቤት ዋሉ የሚለው አዋጅ ቀድሞ ደረሰ። ታክሲ ቆመ፤ ትምህርት ቤትና ቤተ ክርስቲያን ተዘጋ፤ በሞሆካሬ ወንዝ ላይ ያለው የድንበር ድልድይም ተቆለፈ። ማፑሌንግን፣ የፑሌንግ እናት፣ ያሰኘቻት አንድያ ልጃቸው ፑሌንግ ከወንዙ ማዶ፣ በደቡብ አፍሪካዋ ሌዲብራንድ ከተማ፣ አንዲት አሮጊት እየጦረች ነበር የምትኖረው። ወር በገባ ቁጥር ስኳርና ሳሙና ይዛ ትመጣ ነበር። ከቤታቸው ጀርባ ካለው ጉብታ ላይ ሲቆሙ የሌዲብራንድ ተራራ ቁልጭ ብሎ ይታያል፤ ልጅቷ ግን ባንድ ጊዜ የባሕር ማዶ ሰው ሆነች።

መንደሩ ሁሉ ሞጻማይ በሥራ ፈትነት ያብዳል ብሎ ነበር የጠበቀው። እሱ ግን ታክሲውን አንድ ጊዜ አጥቦ፣ በሸራ ሸፍኖ፣ በገመድ ጠፍሮ አሰረውና ዘወር ብሎም አላየው። ጠዋት ጠዋት ብርድ ልብሱን ተከናንቦ ፀሐይ የሚያርፍበት ግድግዳ ሥር ይቀመጣል፤ ፀሐዩ ሲዞር አብሮ ይዞራል። ማፑሌንግ መጀመሪያ ላይ ደስ ብሏት ነበር። ትዳር ከያዙ ጀምሮ ሙሉ ቀን ቤት ሲውል አይታው አታውቅምና፣ ደከመው፣ ይረፍ አለች።

ከዚያ ግን ቁጣው መጣ። ወንበር ከቦታው ፈቀቅ ካለ ይጮሃል። ሻይ ስትሰጠው ኩባያውን በእጁ ሳይሆን በክንዱ ይመታውና፣ ሲፈስ ጥፋቱን በሷ ላይ ያደርጋል፤ “ዕቃ ባስቀመጥኩበት አላገኝም እዚህ ቤት” ይላል። ማታ ከራት በኋላ መጽሐፍ ቅዱስ የሚያነበው እሱ ነበር፤ ጉሮሮዬን አሞኛል ብሎ ለሷ አሳለፈላት፤ ጉሮሮው ሲሻለውም አልተቀበላትም። ጎረቤት ከአጥር ውጭ ሲጠራው ድምፁን እየሰማ ዝም ይላል። ሳቁን ከሰማች ሰነበተች።

የልቧን የምታጫውተው በአጥር ማዶ ላለችው ለማቴቦሆ ብቻ ነበር። ማቴቦሆ በትከሻዋ ዘንቢልም ይሁን ሐዘን ተሸክማ የማታውቅ የምትመስል ቀልደኛ ናት።

“ወንድ መንገድ ሲዘጋበት እንደ ታሰረ በሬ ነው” አለቻት። “የኔው ደግሞ ቢራ ቤቱ ስለተዘጋ ለቅሶ ተቀምጧል። እኔ ብሞትበት እንኳ እንዲህ አያለቅስልኝም።”

“የኔ አያለቅስም፤ የፈራሁትም አለማልቀሱን ነው” አለች ማፑሌንግ።

ሬዲዮውም ይህንኑ ይል ነበር፤ ቤት መዋል የሰውን አእምሮ እየጎዳ ነው፣ የዘመዶቻችሁን ሁኔታ ተከታተሉ ይላል። በዚያው ሰሞን በታችኛው መንደር አንድ ግንበኛ ራሱን ሰቅሎ ተገኘ። ጥሩ ሰው ነበር፤ የማፑሌንግን ቤት ጓዳ የሠራው እሱ ነው። ቀባሪ እንዳይበዛ ተከልክሎ ስለነበር ጥቂት ሰዎች ብቻ ቀበሩት። ማፑሌንግ ከቀብሩ መልስ ሳትቀመጥ በቤቱ ያለውን ረጅም ገመድ ሰብስባ የበቆሎ ማከማቻው ውስጥ፣ ከቆረቆንዳው ሥር ቀበረችው። በግ ከተባይ እንዲጸዳ የሚነከርበትን መርዝ ለማቴቦሆ ሰጠቻት። ማቴቦሆ ያን ቀን አልቀለደችም፤ ጠርሙሱን በቀሚሷ ጠቅልላ ወሰደችው።

ፑሌንግ በስልክ “ብቻውን አትተዪው፣ እማዬ” አለቻት። እሷም አልተወችውም። ውሃ ስትቀዳ ቶሎ ትመለሳለች፤ ጎመን ስትቀጥፍ ጎኗን ሰጥታ፣ ዓይኗን ከግድግዳው ሥር ሳትነቅል ትቀጥፋለች። እሱ ግን የምታየው መሆኑን ያወቀም አይመስልም። አንዳንዴ በጎኑ አልፋ ስትሄድ ዞር እንኳ አይልም። ጠላኝ እንዴ ብላ ታስባለች። አብሮ መዋል ያስጠላል ይባላል፤ ምናልባት እስከዛሬ የታገስነው ስላልተያየን ይሆናል እያለች ታዝናለች።

ታክሲ በግማሽ ተሳፋሪ ይሥራ የሚል ፈቃድ ሲወጣ፣ ጓደኞቹ ሾፌሮች አፍና አፍንጫቸውን ሸፍነው በር ላይ መጥተው ጥሩምባ ነፉ። ሞጻማይ በቀስታ ወጣ፤ እጁን ከግድግዳው አላላቀቀም። በሽታውን እንደሚፈራ፣ ዕድሜውም እንደገፋ፣ ትንሽ እንደሚቆይ ነገራቸው።

“ሞጻማይ ማለት መንገደኛ ማለት አይደል እንዴ?” አለ አንደኛው። “ስምህን ለኛ ስጠንና አንተ ሌላ ፈልግ። ወይስ እመቤቲቱ፣ ምሜ ማፑሌንግ፣ ቀሚስ አሰፋችልህ?”

ሌሎቹ ሳቁ። ድሮ ቢሆን ለዚህች ቃል አሥር ቃል ይመልስ ነበር። አሁን ፈገግ አለና ተመልሶ ገባ። እንግዶቹን የሸኘቻቸው ማፑሌንግ ናት።

በማግሥቱ፣ ገንፎውን እየቆረሰ፣ “ያ ረጅሙ ገመድ የት ነው?” አላት።

እጇ ላይ የነበረውን ማንኪያ ይዛ ቀረች። “ምን ያደርግልሃል?”

“እፈልገዋለሁ።”

“ለጎረቤት አውሼዋለሁ” ብላ ዋሸች። እሱም ራሱን ነቅንቆ ወደ ገንፎው ተመለሰ። ያን ቀን እንደ ጥላው ስትከተለው ዋለች።

ግን ውሃ የግድ ነው። በነጋታው ምድሩ አመዳይ ለብሶ ሳለ ባልዲዋን ይዛ ወደ ቧንቧው ወረደች፤ ሰልፉ ትንሽ አቆያት። ስትመለስ ከሩቅ ያየችው የታክሲውን ሸራ ነው፤ ነፋሱ እያነሳ እያርገበገበው ይጮሃል። የታሰረበት ገመድ የለም። ግድግዳው ሥር ማንም የለም። ባልዲውን የት እንደጣለችው አታውቅም፤ ሮጣ ወደ ጓሮ ዞረች።

ሞጻማይ ቅጠሉ የረገፈው ኮክ ዛፍ ሥር፣ እጁን ወደ ቅርንጫፉ አንስቶ ከገመድ ጋር ይታገል ነበር።

ድምፅ አላወጣችም። ወገቡ ላይ ተጠመጠመችና ሁለቱም ወደቁ። ከላዩ ሆና በሁለት እጇ ደረቱን ትደበድበዋለች፤ ብርድ ልብሱ፣ ኮፍያው፣ ሁሉም አንድ ላይ ተጠቀለለ።

“ምን ሆነሻል አንቺ ሴትዮ?” ይላል እሱ ከሥሯ። “ኧረ ምን ሆነሻል?”

“በኔ ላይ ነው ይሄን የምታደርገው? በፑሌንግ ላይ ነው?”

ይህን እያለች ቀና ስትል ነው ገመዱን ያየችው። አንደኛው ጫፍ ከቤቱ በር መቃን ጋር ታስሯል። ከዚያ በሰው ወገብ ልክ በግድግዳው ሄዶ፣ ጥጉ ላይ በሚስማር ዞሮ፣ እስከ ኮክ ዛፉ ደርሷል። ያሰረውም በቅርንጫፉ ላይ አልነበረም፤ በአንድ እጁ ቅርንጫፉን ይዞ ተደግፎ፣ በሌላው ገመዱን ግንዱ ላይ ሲያዞር ነበር። የተረፈው ገመድ መሬት ላይ ወደ ሽንት ቤቱ አቅጣጫ ተዘርግቷል።

ምንም አልገባትም። “ልብስ ማስጫ ነው?” አለችው፤ ትንፋሿ ገና አልተመለሰም።

ሞጻማይ ተነስቶ ተቀመጠ። ኮፍያውን ፍለጋ እጁን በመሬቱ ላይ አዟዟረ። ኮፍያው ከጉልበቱ አጠገብ ነበር፤ እጁ ሁለት ጊዜ በጎኑ አልፎ ሄደ። ማፑሌንግ ኮፍያውን አንስታ እጁ ላይ አኖረችለት።

“ወደ ሽንት ቤት ነው” አላት። “ማታ ማታ መንገዱ ይጠፋኝ ነበር። ሰሞኑን ቀንም ይጠፋኝ ጀመር።”

ከዚያ መሬት ላይ እንደተቀመጡ ነገራት። ከገና በኋላ፣ ድልድዩ ክፍት ሳለ፣ መነጽር ልግዛ ብሎ ሌዲብራንድ አንድ የዓይን ሐኪም ጋ ሄዶ ነበር። ሐኪሙ መነጽር አላዘዘለትም። በዓይንህ ውስጥ ያለው ግፊት በዝቶ የዓይንህን ነርቭ እየገደለው ነው፤ እይታህን ከዳርና ከዳር እየበላ ወደ መሃል ይመጣል፤ ስለማያምህ አታውቀውም አለው። ጠዋትና ማታ የሚጨመር ጠብታ ሰጠው። ጠብታውን ታክሲው ውስጥ ከወንበሩ ሥር ደብቆ ሲጨምር ከረመ። ድልድዩ ሲዘጋ መድኃኒቱም አለቀ። ግድግዳው ሥር በተቀመጠባቸው ቀናት ሁሉ ሲያደርግ የነበረው ቤቱን ማጥናት ነው፤ በሩ የት፣ ወንበሩ የት፣ ምድጃው የት።

ማፑሌንግ ተናግሮ እስኪጨርስ አላቋረጠችውም። መጨረሻ ላይ ግን፣ “ስለ መንዳቱስ ምን አለህ ሐኪሙ?” ብላ ጠየቀችው።

“ተው አለኝ።”

“መቼ?”

“ያኔውኑ።”

ማፑሌንግ የገናን ማግሥት አስታወሰች፤ ከዚያ ወዲህ ያሉትን ወራት። የቤተ ክርስቲያን ማኅበሯን ዘማሪዎች ሞልቶ በተራራው ጠመዝማዛ በጉም ውስጥ ለቀብር የወሰዳቸው ከገና በኋላ ነበር። እሷ ከፊት ተቀምጣ፣ የእህቷን የልጅ ልጅ ታቅፋ፣ ከሱ ጋር ስትዘምር ነበር።

“እኔን ይዘህ ነው የነዳኸው” አለችው።

“ቀስ ብዬ ነበር የምነዳው።”

“የማቴቦሆን ልጆች ትምህርት ቤት ታደርስ ነበር።”

ኮፍያውን በእጁ አሻሸ። ከዚያ፣ “አዋጁ ሲነገር ሰው ሁሉ ሲራገም እኔ አመሰገንኩ” አላት። “በየቀኑ ነገ አቆማለሁ እል ነበር። ሌላ ሰው አቁም እስኪለኝ ድረስ አልቻልኩም።”

ተነስታ ጥላው ገባች። ከዚያ በኋላ ባሉት ቀናት ከአስፈላጊው በላይ አላናገረችውም። ገንፎ ትሰጠዋለች፤ ኩባያውን እጁ ላይ ታስይዘዋለች፤ አበቃ። ቤቱ የተቆጡ ሰዎች ሊሸሻሹበት የሚችል ስፋት አልነበረውም፤ መውጫም የለም። ገመዱ መሃል ላይ ረግቦ እንደነበር ግን አይታለች። አንድ ጠዋት እሱ ሳይሰማ ወጥታ፣ ቀብራ የነበረውንም ገመድ ጨምራ፣ እስከ ሽንት ቤቱ በር ድረስ አጥብቃ ወጠረችው።

ወደ ጤና ጣቢያው የወሰደችው በእግር ነው። ነርሷ ኬኔዌ ፊቷን በላስቲክ ጋርዳ፣ በሩ ላይ ቆማ ሕመምተኛ ትለይ ነበር። በባትሪ ዓይኑን አየችው። ማፑሌንግ እስከዚያች ሰዓት ድረስ የዓይን ሞራ ይሆናል የሚል ተስፋ በልቧ ይዛ ነበር፤ የሷ አክስት ሞራ ተገፎላት ክር በመርፌ እስከማስገባት ደርሳለችና።

“ሞራ ቢሆን ይገፈፍ ነበር፣ ምሜ” አለች ኬኔዌ። “ይሄ የሄደው አይመለስም። የቀረውን ማቆየት ነው የሚቻለው፤ ለማቆየት ደግሞ ጠብታው ያስፈልጋል።”

ጠብታው ግን አልነበረም። የሚመጣው በድልድዩ ነው። በከተማው ሐኪም ቤት ያለው የዓይን ክፍል ለወረርሽኙ ሕመምተኞች አልጋ ተደርጎ ነበር፤ መቼ እንደሚከፈት የሚያውቅ የለም። ኬኔዌ ድምፅዋን ዝቅ አደረገችና፣ ያለፈ ቀን ሁሉ ከዓይኑ እየወሰደ እንደሚሄድ፣ በየትም በኩል ይሁን መፈለግ እንዳለባቸው ነገረቻት። በየትም በኩል ስትል በየት እንደሆነ ሁለቱም ያውቃሉ።

ፑሌንግ በስልክ ስትሰማ የሐኪሙን ስም ጠየቀች። አላለቀሰችም፤ ሄዳ ሐኪሙን አነጋግራ መድኃኒቱን ገዛች። ችግሩ ማሻገሩ ነው። በወንዙ መልካ ሲጋራና አልኮል የሚያሻግሩ ሰዎች ነበሩ፤ ማዶ ሁለቱም ተከልክለው ስለነበር ገበያቸው ደርቶ ነበር። ፑሌንግ ግን አላመነቻቸውም፤ መድኃኒት ነው ብላቸው ሊጠጡት ይችላሉ አለች። ራሷ ወንዙ ዳር ካሉት አኻያ ዛፎች ጋ እንደምትመጣ ተነጋገሩ።

ማፑሌንግ ብቻዋን ልትሄድ ነበር ያሰበችው። ሞጻማይን ግን ጫማውን አድርጎ በር ላይ ቆሞ አገኘችው።

“ልጄን ልያት” አላት።

ልትከለክለው ምክንያት ነበራት። ወንዙ ጋ ለመድረስ አስቸጋሪ ቁልቁለት አለ፤ ወታደሮች ይዞራሉ። ነገር ግን ያን ቃል ከአፉ ሰምታ እንቢ ልትለው አልቻለችም። ክንዷን ሰጠችው፤ ከተጣሉ ወዲህ ሲነካት የመጀመሪያው ነበር።

በብርዱ ወራት ሞሆካሬ ይጎድላል፤ አሸዋው ወጥቶ ወንዙ በመሃል እንደ ቀጭን ጎዳና ይቀራል። ፑሌንግ በማዶው ቀይ ካፖርት ለብሳ ቆማለች። ስታያቸው ሁለት እጇን አንስታ አወዛወዘች፤ “አባዬ!” ብላ ተጣራች። ድምፅዋ ከገደሉ ጋር ተጋጭቶ ከላይኛው አኻያ በኩል ተመለሰ። ሞጻማይ ፊቱ በራ። እጁን አንስቶ፣ ወደ አኻያው ዞሮ፣ ባዶውን ዛፍ እየሳቀ ሰላም አለው።

የፑሌንግ እጆች ቀስ ብለው ወረዱ።

ማፑሌንግ ባሏን ድንጋይ ላይ አስቀመጠችው፤ ቀሚሷን እስከ ጭኗ ሰብስባ ገባች። ልጅቷ ልሻገር ስትል፣ ስትመለሺ ባንቺ በኩል ከያዙሽ ሥራሽን ታጪያለሽ ብላ ከለከለቻት። ውሃው አጥንት ይቆርጣል። ማዶ ስትደርስ የተከለከለውን ሁሉ ረሱትና ተቃቀፉ።

“ወዴት ነው የሚያየው?” አለች ፑሌንግ በእናቷ ትከሻ ላይ ሆና።

“ወደ አንቺ።”

“ወደ እኔ አይደለም፣ እማዬ።”

“አውቃለሁ።”

ብልቃጦቹን በካልሲ ውስጥ አድርጋ ሰጠቻት። ከዚያ በላይ መቆየት አይቻልም ነበር። ማፑሌንግ ካልሲውን በጥርሷ ነክሳ ስትመለስ፣ መሃል ላይ ሆና ቀና ስትል ሁለት ወታደሮች በሞጻማይ ራስ ላይ ቆመው አየች። ሞጻማይ ኮፍያውን አውልቆ፣ በጨዋ ደንብ ያነጋግራቸው ነበር፤ የሚናገረውን ትቶ ዝም ያለውን እያየ።

አንደኛው እጇን ይዞ ከውሃው አወጣትና ካልሲውን ተቀበላት። “ሲጋራ ነው መጠጥ?”

“የባለቤቴ የዓይን ጠብታ ነው፣ ንታቴ” አለችው። ልጇ ሊሆን የሚችል ሰው ቢሆንም ንታቴ፣ ጌታዬ ብላ ነው የጠራችው።

“ሁሉም እንዲያ ነው የሚለው። ትናንት አንዷ መጠጥ በሽሮፕ ጠርሙስ ይዛ ነበር።”

አንዱን ብልቃጥ ከፍቶ አሸተተ። ከዚያ አሸዋው ላይ ጨመቀው፤ አንድ ጠብታ፣ ደግሞ ሌላ። እጁ ላይ አድርጎ አሻሸና እንደገና ጨመቀ። ማፑሌንግ እግሯ በብርድ ደንዝዞ፣ ዓይኗ ከብልቃጡ ጫፍ ላይ ተተክሎ ቀረ። ልጅ ሲታመም እንኳ እንዲህ ያለ ለማኝነት ተሰምቷት አያውቅም።

“ምን እያደረገ ነው?” አለ ሞጻማይ።

“እያፈሰሰው ነው።”

ሞጻማይ ከድንጋዩ ተነሳ። ድምፁ ወደመጣበት ሁለት እርምጃ ሄዶ፣ ፊቱን ወደ ሰማይ አቀና፤ በጣቱ የታችኛውን የዓይኑን ቆብ ወደ ታች ሳበው።

“ልጄ” አለው፤ “ማፍሰስህ ካልቀረ እዚህ አፍስሰው። እኔ ዕውር ልሆን ነው። አሸዋው ግን ምንም አልሆነም።”

ዕውር የምትለዋን ቃል ከአፉ ሲያወጣ ማፑሌንግ ሰምታ አታውቅም። ለሷም አላላትም ነበር። ወታደሩ ብልቃጡን እንደያዘ ቆመ፤ ጓደኛው ሊስቅ ጀምሮ ተወው። ከወንዙ ማዶ ፑሌንግ ሁለት እጇን አፏ ላይ ጭና ታያለች። ወታደሩ ጠጋ አለና ጨመቀ፤ የመጀመሪያው ጉንጩ ላይ ወረደ፣ ሁለተኛው ገባ። ክዳኑን አጥብቆ ዘጋና ብልቃጦቹን ለማፑሌንግ መለሰላት።

“ሁለተኛ እዚህ እንዳላያችሁ” አለ፤ ቁጡ ለመምሰል እየሞከረ።

“እኔ እንኳ አንተን የማየው ለመጨረሻ ጊዜ ሳይሆን አይቀርም” አለ ሞጻማይ።

ወታደሮቹ ሳቁ። ማፑሌንግም ሳታስበው ሳቀች፤ ከዚያ ለምን ሳቅኩ ብላ በራሷ ተናደደች። ቁልቁለቱን ሽቅብ ሲወጡም ክንዷን አልከለከለችውም።

ያን ከተናገረ በኋላ ግን ሞጻማይ መደበቁን ተወ። ለማቴቦሆ በአጥሩ ላይ ራሱ ነገራት። ማቴቦሆ ልጆቿን በሱ ታክሲ ትልክ እንደነበር አስታውሳ ጥላው ገባች፤ ለብዙ ቀን ወደ አጥሩ አልቀረበችም፤ በኋላ መጣች፤ ግን ያ ቀልዷ ከሱ ጋር ቶሎ አልተመለሰም። ሾፌሮቹንም አስጠራቸው። ግቢው ውስጥ ተራርቀው ቆመው ሰሙት። በቀሚስ ያሾፈበት ሰውዬ ጫማውን እያየ፣ “ከመቼ ጀምሮ?” ብሎ ጠየቀ። ሞጻማይም ሳያሳንስ ከገና ጀምሮ አለው። የሰውየው እናት የሞጻማይ ታክሲ ደንበኛ ነበረች። በሩን ከፍቶ ወጣ። የቀሩት ተማክረው ታክሲውን ከመካከላቸው አንዱ ይዞ እንዲሠራበት ተስማሙ። መኪናው ከግቢ ሲወጣ ሞጻማይ ሞተሩ ከጆሮው እስኪጠፋ ድረስ በሩን ይዞ ቆመ፤ ከዚያ ገብቶ ተኛ፤ ለሁለት ቀን ያህልም አልተነሳም።

ማፑሌንግ የበጉን መርዝ ከጎረቤት አላስመለሰችም። ሰው ምሥጢሩን ስለተናገረ ብቻ ልቡ ይድናል ብላ አላመነችም። ደህና ቀን ይኖረዋል፤ ከማግሥቱ ደግሞ ፊቱን ወደ ግድግዳ አዙሮ ይውላል። እንዲህ ሲሆን ቀድሞ ታደርገው እንደነበረው በሩቅ መጠበቋን ትታ፣ አጠገቡ ቁጭ ትልና፣ “ዛሬ ምን ያህል ክፉ ነው?” ብላ ፊት ለፊት ትጠይቀዋለች። እሱም ይነግራታል። አንዳንዴ የሚነግራት ነገር እንቅልፍ ይነሳታል፤ ቢሆንም መስማቱን መረጠች።

ኮኩ ሮዝ አበባውን ሲያወጣ የዓይን ክፍሉ ተከፈተ። ሐኪሟ ግራ ዓይኑ ጨርሶ እንደሄደ፣ ቀኙ ግን በቧንቧ ቀዳዳ እንደሚያይ ሰው የመሃሉን እንደሚያይ፣ ጠብታው ካልተቋረጠ ይህንኑ ይዞ ሊኖር እንደሚችል ነገረቻቸው። መድኃኒቱ ባይቋረጥ ኖሮ ምን ያህል ይተርፍ እንደነበር ሞጻማይ ጠየቃት። ሐኪሟ ይህን ማወቅ አይቻልም አለች። የሚቻል ቢሆንም የምትነግራቸው አትመስልም ነበር።

ድልድዩ ተከፍቶ ፑሌንግ ስትመጣ፣ እናቷ በስልክ እንደነገረቻት፣ በጎን ሳትመጣ በቀጥታ ከፊቱ ቆመች። ዓይኑን ከላይ እስከ ታች አንሸራቶ አገኛትና፣ “ከስተሻል” አላት። ፑሌንግ ወፍራ ነበር የመጣችው። ማንም አላረመውም።

እሷ ወደ ሥራዋ ከተመለሰች በኋላ፣ አንድ ጠዋት ግድግዳው ሥር ተቀምጠው ሳለ፣ ሞጻማይ ወደ ሚስቱ ዞረ።

“የፑሌንግ እናት፣ አሁንም ተቆጥተሽብኛል?”

ማፑሌንግ ትንሽ አሰበች። ተራራውን፣ ጉሙን፣ ጭኗ ላይ የነበረችውን ሕፃን አሰበች።

“አዎ” አለችው።

“እስከ መቼ ይሆን?”

“አላውቅም። ቀና በል፣ ጠብታህን ላድርግልህ።”